የአባ ደመቀ ሀቢሶ ሕይወትና የወንድማቸው ፊርማ

የኮሮና ሕጉ ለሃምሳ ሰው ብቻ ስለፈቀደ ደጅ የቆማችሁም ጭምር፣ እንደምን ዋላችሁ። ይህን ዜና ሕይወት የጻፈው የሟቹ ታናሽ ወንድም ኤሊያስ ነው፤ ቆሞ ማንበብ ስላልቻለ በሌላ አንደበት ይነበባል።

አባ ደመቀ ከአባታቸው ከአቶ ሀቢሶ ላምቤቦና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፈለቀች በ1953 ዓ.ም. ከዱራሜ ወጣ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ ተወለዱ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረው የቀበሌ ጸሐፊ ሳሉ፣ በ1976 ዓ.ም. ለውትድርና የሚላኩ አሥራ ሰባት የሰፈራቸውን ልጆች ስም እንዲጽፉ ታዘው ጻፉ፤ ሦስቱ ብቻ ተመለሱ። ያልተመለሱትን ልጆች እናቶች ቀና ብሎ ማየት ቢያሳፍራቸው ዘርዓ ክህነት ትምህርት ቤት ገብተው በ1984 ዓ.ም. ካህን ሆኑ፤ ከዚያ ወዲያ ጦርነትን ሳያወግዙ የሰበኩበት ቀን የለም።

በ1998 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ፣ ጆሃንስበርግ መጥተው፣ ለሀገራቸው ሰዎች በአማርኛ እየቀደሱ፣ በከተማዋ ዳርቻ ካሉት ሰፈሮች ከአይቮሪ ፓርክ እስከ ኦሬንጅ ፋርም በታክሲ እየዞሩ የሀገራቸውን ሰው ባለሱቁን ሁሉ፣ ሙስሊሙንም ጴንጤውንም፣ ሲጠይቁና ሲያስታርቁ ኖሩ።

በ2013 ዓ.ም. በሀገር ቤት ጦርነት ሲነሳ፣ ዘወትር ዓርብ ቀትር ላይ ማስካቸውን አድርገው፣ «በሁለቱም ወገን የሚሞተው የእናት ልጅ ነው» የሚል ካርቶን ይዘው የሐበሻ ገበያ ባለበት ጄፒ መንገድ ላይ ይቆሙ ጀመር። አንዱ ተፋባቸው፤ ሌላው ከሃዲ አላቸው። በታኅሣሥ ስልሳ ሦስት ሰዎች አባ ከአማርኛው ቅዳሴ እንዲነሡ ፈርመው ለሀገረ ስብከቱ አመለከቱ፤ አባም ተነሡ። በኦሬንጅ ፋርም ሱቅ የነበረው ኤሊያስም፣ ዕቃ የሚሰጡት ጅምላ ሻጮች ፊት ይነሱኛል ብሎ ስለፈራ ከፈራሚዎቹ አንዱ ነበር።

በጥር ኤሊያስ በኮሮና ሲወድቅ ከፈራሚዎቹ ደጁን የረገጠ አልነበረም። አባ ግን አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ከከተማ ወደ ኦሬንጅ ፋርም እየተመላለሱ፣ ሾርባና መድኃኒት በመስኮት እያቀበሉ አዳኑት። እርሱም ድኖ አምስት ወር መፈረሙን ሳይነግራቸው ከረመ።

በሰኔ መጨረሻ ተራው የእርሳቸው ሆኖ ሆስፒታል ገቡ። ጠያቂ አይገባምና ኤሊያስ በስልክ፣ «አባ፣ እኔም ፈርሜያለሁ» አላቸው።

«አውቃለሁ» አሉ ትንፋሽ እየቆረጣቸው። «ወረቀቱን ያኔውኑ አሳይተውኛል፤ አራተኛው አንተ ነህ። በጥር የመጣሁትም አውቄ ነው። በል ዝጋ፣ ነርሷ ትቆጣኛለች።»

ይቅር በሉኝ ሳይላቸው ስልኩ ተዘጋ። በሦስተኛው ቀን፣ ሐምሌ 2፣ በተወለዱ በስልሳ ዓመታቸው አረፉ።

አባ ልጅ አልወለዱም። ከኋላቸው የቀሩት በዱራሜ ያሉት እህታቸው ወይዘሮ የአለምወርቅ፣ የእህታቸው ልጅ ቤዛ፣ እንዲሁም ወንድም ተብሎ ለመጠራት የሚያፍረው ኤሊያስ ናቸው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ጦር በማይሰበቅበት ሀገሩ ያሳርፍልን፤ ይቅርታቸውን በሕይወት ሳሉ ላልለመንናቸውም ለንስሐ የሚበቃ ዕድሜ ይስጠን። አሜን።