የግራዝማች እንስራ

(ቆንጥር በር ከተማ የምሥረታ በዓሏን ልታከብር ሳምንት ቀርቷታል፤ ባለሆቴሉና የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሞላልኝ፣ ጡረታ የወጡትን የታሪክ አስተማሪ እትዬ ውድነሽን በረንዳቸው ላይ እየለመነ ነው።)

እትዬ ውድነሽ፦ ሙክቱን ከምሶሶዬ ፍታና ይዘኸው ሂድ ብያለሁ!

ሞላልኝ፦ እትዬ፣ ለበዓል ነው እኮ። ተማሪዎ አይደለሁም እንዴ?

እትዬ ውድነሽ፦ ስንቱ በዓል ሲመጣ ሲሄድ ደጄን ረግጠህ ታውቃለህ? ሲያዩት ያላማረ ሲበሉት ያቅራል። ምን ፈልገህ ነው?

ሞላልኝ፦ አንዲት ቃል። መድረክ ላይ ወጥተው፣ «ይህን አገር መጀመሪያ ያቀኑት የሞላልኝ አያት፣ ግራዝማች ድልነሳሁ ናቸው» ቢሉልን። እርስዎ ካሉት ማንም አይከራከርም።

እትዬ ውድነሽ፦ ለዚህማ አዝማሪ ብትቀጥር ይረክስልሃል። እኔ ታሪክ ሳስተምር ከኋላ ወንበር ቆሎ ስትቆረጥም ነበር፤ ዛሬ ታሪክ አማረህ? ታቆሙላቸዋላችሁ የሚባለው ሐውልትስ የት ሊቆም ነው?

ሞላልኝ፦ እዚያ… ወንዙ ዳር።

እትዬ ውድነሽ፦ ወንዙ ዳር ሸክላ ሠሪዎቹ አሉ።

ሞላልኝ፦ ይነሣሉ።

እትዬ ውድነሽ፦ ወዴት?

ሞላልኝ፦ ይታሰብበታል።

እትዬ ውድነሽ፦ አሃ! ቃሌን የፈለግኸው ለሐውልት አይደለም፤ ሰው ለማፈናቀያ ነው!

ሞላልኝ፦ ኧረ በሚካኤል! ኋላ የመጣ ለፊተኛው ቦታ ቢለቅ ምን ነውር አለው? ደግሞ ሰዎቹን ያውቋቸዋል… ማታ ማታ ጅብ ይሆናሉ ይባላል።

እትዬ ውድነሽ፦ ዝም በል! ሃያ ዓመት በድስታቸው ወጥ እየሠራህ ስትሸጥ ጅብነታቸው አልታየህም? ኋላ መምጣታቸውንስ ማን ነገረህ?

ሞላልኝ፦ አባቴ። ግራዝማች ሲደርሱ አገሩ ጫካ ነበር፤ የሰው ጭስ እንኳ አይታይበትም። ማስረጃም አለን፤ በደረሱበት ምሽት ውሃ የጠጡባት እንስራ! መድረክ ላይ ትታያለች ብለን ሰሞኑን በድምፅ ማጉያ እያስለፈፍን ነው።

እትዬ ውድነሽ፦ ግራዝማች እንስራ አዝለው ነው የመጡት? ያውም በፈረስ?

ሞላልኝ፦ ኧረ እንዴት ተደርጎ! የዚሁ አገር ሥራ ናት። አፈሯን ቢያዩት ያ የወንዛችን ቀይ አፈር ነው፤ ሌላ ቦታ አይገኝም። የምንኮራባት ለዚህ አይደል?

እትዬ ውድነሽ፦ … በል ሙክቱን ተወው።

ሞላልኝ፦ እሺ አሉኝ! እግዜር ይስጥልኝ!

እትዬ ውድነሽ፦ መድረኩ ላይ እወጣለሁ። እንስራዋን ከፍ አድርጌ ይዤ ሕዝቡን እጠይቃለሁ፦ ግራዝማች ጭስ የሌለበት ጫካ በገቡበት ምሽት፣ ይህቺን ማን ሠርቶ፣ ማን በእሳት ተኩሶ ጠበቃቸው?

ሞላልኝ፦ እትዬ!

እትዬ ውድነሽ፦ ምነው፣ ፊትህ ገረጣ?

ሞላልኝ፦ እንስራዋ ተሰበረች ብንልስ?

እትዬ ውድነሽ፦ ስባሪዋን አሳየን ይሉሃላ! ስባሪውም ያው ቀይ አፈር ነው።

ሞላልኝ፦ … እትዬ፣ ሐውልቱ ሆቴሌ ግቢ ቢቆምስ?