ቁስላቸው ሳይጠግግ ያረፉት የወይዘሮ ፕሩም ሳቩን ዜና ሕይወት

እህታችን ወይዘሮ ፕሩም ሳቩን በካምፖንግ ስፔው አውራጃ፣ ከዘንባባው ማሳ ዳር ተወለዱ። የተወለዱበትን ዓመት የሚያውቁት እናታችን ነበሩ፤ እሳቸውም ቀድመው አለፉ። ፊደል በመነኮሳቱ ቤት በፓጎዳው ጥቂት ቆጥረው፣ ጦርነቱ ሲመጣ ተዉት።

አቶ ሪትን አግብተው፣ ባለቤታቸው ከዘንባባ ጫፍ የሚያወርዱትን ጣፋጭ ውሃ በትልቅ ብረት ድስት እያፈሉ ስኳር በማውጣት ሦስት ልጆች አሳደጉ። አራስም ሆነ ቁስለኛ ምን መብላት እንደሌለበት መንደሩ የሚጠይቀው እሳቸውን ነበር። እንቁላል ያመግላል፣ ሸርጣን ያሳክካል፣ የበሬ ሥጋ ጠባሳ ያሳብጣል ይሉ ነበር፤ ሁላችንም እንሰማቸው ነበር።

ባለፈው በጋ ድስቱ ተገልብጦ የፈላው ስኳር ከደረታቸው እስከ ጭናቸው ፈሰሰባቸው። በጤና ጣቢያው ብር ያለበት ነጭ ቅባት ይቀቡላቸው ጀመር። ነርሷም ቅባቱ ቁስሉን ከመመረዝ እንደሚጠብቀው፣ ነገር ግን ብሩ በቁስሉ በኩል ወደ ደም እየዘለቀ በሰውነት ያለውን መዳብ እንደሚጋፋ፣ ዚንክ የሚባለው ማዕድንም ቁስሉ ከሚያዠው ውሃ ጋር በየፋሻው እየወጣ እንደሚያልቅ፣ ያለ እነዚህ ደግሞ ሥጋ ከሥጋ እንደማይያያዝ፣ ምላስም ጣዕም እንደማይለይ ነግራ፣ መተኪያው እንቁላል፣ ሸርጣንና ጉበት ነው አለቻቸው። እጅ ነስተው ወጡ፤ ቤት ገብተው ሩዝ በጨው በሉ።

ታናሽ ልጃቸው ሶቴ ሸርጣን ቀቅላ መረቁን ብቻ እንዲቀምሱ ብትለምን፣ «ነርሷ መቼ ወለደችና ነው? ሸርጣን የበላ ቁስል ወደ ጎን ይሄዳል፤ አንቺ እየሮጥሽ ልትመልሺው ነው?» አሏት። ቤት የነበርነው ሳቅን።

ዝናቡ ሲገባ ቁስሉ እንደ መጀመሪያው ቀን ቀይ ነበር። ጠጉራቸው ረገፈ። በመጨረሻ ራሳቸው መረቁን ጠየቁ፤ ሶቴም ሮጣ አመጣች። «ልጄ፣ ጭቃ ጭቃ ይለኛል» ብለው መለሱላት። ከዚያ ትኩሳቱ ያዛቸው፤ አልለቀቃቸውም።

ባለቤታቸውን አቶ ሪትን፣ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውንና ሶቴን ትተዋል። ሶቴ ያን ዕለት ድስቱን ልትይዝ ስትል የተቃጠለው እጇ እስከ ዛሬ አልጠገገም። ዛሬ ጠዋት የሰፈር ሴቶች አዝነውላት ከሳህኗ እንቁላሉን አነሱባት። ሶቴም ሩዙን በጨው በላች።

የመነኮሳቱ ጸሎት፣ የእናንተም ምጽዋት ይድረሳቸው። ዳግም ሲወለዱ እሳት የማያውቀው ገላ ይስጣቸው።