የአባት ወንበር

መስማት አልፈለግሁም፤ ታክሲዋ ግን ጠባብ ናት። ከሪያዱ መንፉሐ ሰፈር ስንነሣ ከኋላዬ አንድ ጎልማሳ አጠገቡ ለተቀመጠች ሐበሻ ስልኩ ላይ ፎቶ ያሳያል።

«ልጆችህ ናቸው ወንድሜ?»

«አዎ። አገር ቤት ፎቶ ሲነሡ መሃል ላይ ባዶ ወንበር ተዉልኝ። እዚህ ፎቶ ቤት እኔን እንዲጨምርበት ነው።»

«ወንበሩ ላይ ያለው ምንድነው?»

«የእናታቸው ስልክ። ትንሹ ነው ‹አባዬ እዚህ ውስጥ ነው› ብሎ ያስቀመጠው። ከወንበሩ ሊያነሡት ሲሉ እያለቀሰ አስቸገረ።»

«መልክህን አያውቅም እንዴ?»

«ድምፄን ብቻ። ስወጣ አልተወለደም፤ ኔትወርኩም ምስል አያመጣም።»

«ታዲያ ስልኩን ከፎቶው አስጠፍተህ ልትገባ ነው?»

«ፎቶ ቤቱ ይቻላል ብሎኛል። ልጁ ግን ‹ይሄ ሰውዬ ማነው› ቢልስ እህቴ?»

«ኸላስ፣ በቃ፣ ስልኩ ይቀመጥ።»

እኔም ጉልበቴ ላይ የነበረውን ስልኬን በሁለት እጄ ያዝሁት።