ከግድግዳው ስለተነሳው የበርሜል ማጠቢያ ማስታወቂያ የተሰጠ የምስክር ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ወጋየሁ ራጉኤል
ዕድሜ፦ 66
አድራሻ፦ አዲስ አበባ፣ ጎፋ
ሥራ፦ መካኒሳ በሚገኝ የድራፍት በርሜል ማጠቢያ ድርጅት ጸሐፊና መዝገብ ያዥ
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሰኞ ኅዳር 8 ቀን 1990 ዓ.ም. ከጠዋቱ 3፡15 ሰዓት
ጉዳዩ፦ በሠራተኛ ሂርጳ ኢሉ ላይ የደረሰ የአካል ጉዳት
ተጠርጣሪ፦ የማሽን ክፍል ኃላፊ ዲንሳ በንቲ
ቃል ተቀባይ፦ ረዳት ሳጅን ማሞ ሞልቱ
(ምስክሯ ቃላቸውን በራሳቸው እጅ ለመጻፍ ጠይቀው ተፈቅዶላቸዋል።)

በዲንሳ በንቲ ላይ የቀረበው አቤቱታ ተነብቦልኛል። አዲሱ ማሽን አደገኛ መሆኑን እያወቀ ሠራተኛውን አላስጠነቀቀም ይላል። ይህ እውነት አይደለም። አለመሆኑን የማውቀው እኔ ስለሆንኩ ከመጀመሪያው እገልጻለሁ።

ድርጅታችን ከድራፍት ቤቶች የሚመለሱ ባዶ የብረት በርሜሎችን ያጥባል። በርሜሉ በአፉ ተደፍቶ በማሽኑ ራስ ላይ ይቀመጣል፤ ከሥር ወደ ላይ በመጀመሪያ ውሃ፣ ቀጥሎ ኮስቲክ ሶዳ የሚባል የጋለ አቃጣይ ኬሚካል፣ በመጨረሻ እንፋሎት ይገባበታል። እስካለፈው ወር ድረስ ቧንቧዎቹን በእጁ የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ነበር። መብራት ሲጠፋ ኮስቲኩ በርሜሉ ውስጥ እንዳይደርቅ በርሜሉን አንስቶ ማራገፍና መልሶ መድፋት የአሥራ አንድ ዓመት ልማድ ነው። በዚህ ሥራ ሂርጳ ኢሉን የሚቀድመው አልነበረም።

ረቡዕ ሰኔ 11 ቀን 1989 ዓ.ም. ከጠዋቱ 4 ሰዓት በሥራ አስኪያጁ በአቶ ሙሉሰው እንግዳ ቢሮ ስብሰባ ተደረገ። የተሰበሰብነው ማጠቢያው በራሱ እንዲሠራ የሚያደርግ መቆጣጠሪያ ለመምረጥ ነው። አቶ ሙሉሰው፣ ዲንሳ እና እኔ ነበርን። እኔ የተገኘሁት ቃለ ጉባኤ ለመያዝና ከሁለቱ መቆጣጠሪያዎች ጋር የመጡትን የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ለመተርጎም ነው። በዋጋ ረገድ ክርክር አልነበረም፤ ተቀራራቢ ነበሩ።

አንደኛው ጥርስ ያለው ከበሮ በሞተር እየዞረ ቧንቧዎቹን በተራ የሚከፍት ነው። ሰዓት ብቻ ይቆጥራል። መብራት ሲጠፋ ከበሮው ባለበት ይቆማል፤ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል። ሁለተኛው ፕሮግራም የሚሞላለት ነው። በርሜል መኖሩን ሳያረጋግጥ ኮስቲክ አይለቅም፤ መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ሰው ቁልፍ እስኪጫን ይጠብቃል። ይህን ሁሉ ቃል በቃል ተርጉሜ አንብቤላቸዋለሁ።

ዲንሳ ሁለተኛው እንዲመረጥ ለመነ። “ጋሼ፣ ያኛው አያይም እኮ። በርሜል ይኑር፣ ሰው ይኑር አያውቅም” አለ። አቶ ሙሉሰው ሳቁ። “ለእናንተ መብራት ሲጠፋ ዓመት በዓል ነው። አሁን ደግሞ መብራት ከመጣ በኋላም ቁልፍ እስኪጫን ተቀምጣችሁ ልታወሩ ነው? እኔ የምፈልገው ሰው የማይጠብቅ ማሽን ነው” አሉ። ዲንሳ አንድ ቀን ሰው ይጎዳል ሲላቸው “አንድ ጊዜ ከተቃጠላችሁ ትማራላችሁ። እናትህ ምድጃ ያስተማረችህ እንዴት ነበር?” ብለው መለሱ። ከበሮው ተመረጠ። የተባለውን ሁሉ በቃለ ጉባኤው ላይ እንደተባለ ጽፌዋለሁ፤ አቶ ሙሉሰው ሳያነቡ ፈርመውበታል።

ማሽኑ ሰኞ ጥቅምት 24 ቀን 1990 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በዚያ ዕለት ዲንሳ አጣቢዎቹን ሰብስቦ መብራት ሲጠፋ በርሜል እንዳያነሱ፣ ካነሱም አስቀድመው የግድግዳውን ማብሪያ እንዲያጠፉ በቃል አስረዳቸው። ሂርጳ አልነበረም፤ እናቱ ሞተውበት ከጥቅምት 18 ጀምሮ አገሩ ለቅሶ ላይ ነበር።

ሐሙስ ጥቅምት 27 ዲንሳ በማሽኑ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ በእጁ የጻፈውን ማስታወቂያ በሙጫ ለጠፈ። እንዲህ ይላል፦ “መብራት ሲጠፋ በርሜል አታንሳ። መብራት ሲመጣ ማሽኑ ካቆመበት ይቀጥላል፤ የጋለ ኮስቲክ ይረጫል። መጀመሪያ የግድግዳውን ማብሪያ አጥፋ።” ከሥሩ የተደፋ በርሜል ሥሎበታል።

ዓርብ ጥቅምት 28 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ወረቀቱን አየሁት። የደብዳቤ ቁጥር የለውም፤ ማኅተም የለውም። በድርጅታችን ማኅተምና ቁጥር የሌለው ማስታወቂያ አይለጠፍም። ይህን ደንብ በ1979 ዓ.ም. ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አንድም ቀን አልተጣሰም። አነሳሁት። ሙጫው ጠንክሮ ስለነበር ከኖራው ጋር ተላጠ።

ዲንሳ ተከትሎኝ ቢሮ ድረስ መጣ። “እትዬ ወጋየሁ፣ ሂርጳ ሊመለስ ነው። እኔ ደግሞ አንድ ቀን ወጣ ብል የሚነግረው ሰው የለም። ግድግዳው ይንገረው ብዬ እኮ ነው” አለኝ። ማመልከቻ ጽፎ እንዲያመጣ ነገርኩት። ማኅተሙ በእኔ መሳቢያ ውስጥ ነበር። ተራ ማስታወቂያ ላይ ለማተም የማንንም ፈቃድ አልጠይቅም። በዚያው ዕለት ከቀኑ 11፡32 ሰዓት ማመልከቻውን ይዞ መጣ። የሥራ ሰዓት የሚያበቃው 11፡30 ነው። መሳቢያውን ቆልፌ ነበር። “ሰዓት ማወቅ ከማሽኑ ተማር” አልኩት። አጣቢዎቹ በር ላይ ቆመው ነበርና ሳቁበት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቀኝም፤ እኔም አላስታወስኩትም።

ሐሙስ ኅዳር 4 ሂርጳ ሥራ ገባ። ዲንሳን አቶ ሙሉሰው ከማለዳው ጀምሮ ቧንቧ እንዲያመጣ ወደ ለቡ ልከውት ነበር። 4፡30 ላይ መብራት ጠፋ። መዝገብ ቤቱ ከማጠቢያው ጋር በመስታወት ብቻ የተለየ ስለሆነ ከወንበሬ ሆኜ አያለሁ። አጣቢዎቹ ለሻይ ሲወጡ ሂርጳ ብቻውን ቀረ፤ ሁልጊዜም የሚያራግፈው እሱ ነውና። በርሜሉን አነሳ፣ አራገፈ፣ መልሶ ሊደፋ በማሽኑ ራስ ላይ ጎንበስ አለ። 4፡41 ላይ መብራት መጣ። ኮስቲኩ ፊቱ ላይ ወጣ።

አጣቢዎቹ ሮጠው መጥተው ውሃ ያፈሱበት ጀመር። አቶ ሙሉሰው ከቢሯቸው ወጥተው አስቀድመው የጠየቁት “ማሽኑን ማነው የነካው?” ብለው ነው። ሂርጳ በአማርኛም በኦሮምኛም ይጮህ ነበር። “ዝም አሰኙት፣ ሰፈሩ ይሰማል” አሉ። የድርጅቱ ፒክአፕ መኪና በር ላይ ነበር፤ ነገር ግን በርሜል ተጭኖበታል። አንዱ አጣቢ ሂርጳን ከበርሜሎቹ ጎን ሊያስቀምጠው ሲል አቶ ሙሉሰው “መጀመሪያ በርሜሎቹ ይውረዱ፤ የደንበኛ ንብረት ነው” አሉ። አሥራ ሁለት በርሜል አወረዱ። መኪናው የተነሳው 5፡03 ሰዓት ነው። እኔ ሰዓቴን ስመለከት ነበር፤ ከወንበሬ አልተነሳሁም። ከሰዓት በኋላ ማሽኑ ሥራውን ቀጠለ።

ዓርብ ዲንሳ ተያዘ። ቅዳሜ ኅዳር 6 ከጠዋቱ 4 ሰዓት አቶ ሙሉሰው ጎፋ ቤቴ ድረስ መጡ። በሥራ ቦታ የሚጠሩኝ “አሮጊቷ” እያሉ ነው፤ በዚያን ቀን “እትዬ” አሉኝ። “ወረቀት የሚባል ነገር አላየሁም ይበሉ፤ ለእርስዎም የሚበጀው ይኸው ነው። ዲንሳ እንደሆነ ወጣት ነው፣ ታስሮ ይወጣል” አሉ። የሰኔውን ቃለ ጉባኤም ከፋይል አውጥቼ እንድሰጣቸው ጠየቁኝ። በሩን ከፍቼ ሸኘኋቸው።

ትናንት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሆስፒታል ሄድኩ። የሂርጳ ሁለቱም ዓይኖች ጠፍተዋል። ሚስቱ ገዲሴ በር ላይ ተቀብላ አስገባችኝ። ማን እንደመጣ ስትነግረው ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። “እትዬ፣ እኔ እኮ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬያለሁ። አንድ ወረቀት ቢለጥፉልኝ ምን ነበረበት? ዲንሳ ጓደኛዬ ነበር፤ እንዴት እንደዚህ ጨከነብኝ?” አለ። ገዲሴም “ይፈረድበት፤ ዕድሜ ልኩን ጨለማ ቤት ያስቀምጡት” አለች። ዲንሳ ጽፎ እንደነበር አልነገርኳቸውም። መናገር መጀመር የነበረብኝ እዚያ ነበር፤ እኔ የያዝኩትን ብርቱካን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

ቃል ተቀባዩ፣ ማስታወቂያው መኖሩ በምን ይታወቃል ብለው ጠይቀውኛል። የተነሳ ወረቀት አልጥልም፤ ከፋይል አያይዤ አስቀምጣለሁ። ዋናውን ከሰኔ 11ዱ ቃለ ጉባኤ ጋር ዛሬ ይዤ ቀርቤ አስረክቤያለሁ። በወረቀቱ ጀርባ ከግድግዳው የተላጠ ኖራ አለበት፤ ግድግዳው ላይ ቦታው ባዶ ነው፣ ሄዶ ማስተያየት ይቻላል። ማኅተም የሌለው ወረቀት ከአደጋው በኋላ የተጻፈ ሊሆን ይችላል ብለውኛል። ማኅተም የለውም። ከላይ በቀኝ በኩል ግን በቀይ ቀለም “ማኅተም ስለሌለው ተነስቷል፣ 28/2/90” የሚል ጽሑፍና ፊርማ አለበት። ጽሑፉ የእኔ ነው። ፊርማው ከዚህ በታች ከምፈርመው ጋር አንድ ነው።

ከዚህ በላይ ያለውን ማንም ሳያስገድደኝ በእጄ ጽፌ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መልሼ አንብቤ፣ የምጨምረውም የምሰርዘውም የሌለ መሆኑን አረጋግጬ ፈርሜያለሁ። ዲንሳ በሚቀርብበት ችሎት ሁሉ፣ ሂርጳና ገዲሴ ባሉበት፣ ይህንኑ ቃል ደግሜ እሰጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ወጋየሁ ራጉኤል
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ረ/ሳጅን ማሞ ሞልቱ
አባሪ፦ አንድ ገጽ የእጅ ጽሑፍ ማስታወቂያ፣ ማኅተም የሌለው፤ ሁለት ገጽ ቃለ ጉባኤ፣ ማኅተም ያለው