ከሠርግ መጣሁ ያሉት አባት

ዶፉ ዝናብ ባይይዛት ኖሮ የልብስ ሰፊው የእህት ልጅ ያን ዕለት ወደ ሱቃቸው ጎራ ባላለች ነበር። በስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት የምትሠራ ወጣት ናት። ሰፊው ሲያዩዋት ደስ ብሏቸው ወንበር አቀረቡላት፤ የያዙትን ሰማያዊ ቀሚስ ግን ከጉልበታቸው አላወረዱም። ቀሚሱ የጎረቤታቸው የዳቦ ጋጋሪዋ ታናሽ ልጅ የመንገድ ልብስ ነበር።

«ከየት ነሽ በዚህ ዶፍ?»

«ከምክር ቤት፣ ጋሼ። በሕገወጥ የሰዎች ዝውውር ላይ አዲስ ረቂቅ ሕግ አለ። ሐሙስ ሕዝቡ አስተያየት ይሰጥበታል።»

«ደላላን ያስራል?»

«የሚያስረውማ ድሮም አለ። ይኼኛው እንድንቆጥር ነው የሚያዘው። ፖሊሱም፣ ሐኪሙም፣ የድንበሩ ሠራተኛም ያገኙትን በአንድ ዓይነት መንገድ መዝግበው አንድ ቦታ እንዲያስገቡ፤ ውጤቱም በየዓመቱ ለሕዝብ እንዲነገር።»

ሰፊው ሳቁ። «ሕፃን ሳለሽ እዚህ ቁጭ ብለሽ የደንበኛ ቁልፍ ስትቆጥሪ ትውይ ነበር፤ ዛሬም አልተውሽውም። የኔ ልጅ፣ ቁጥር ማንን ከመቃብር አስነሥቶ ያውቃል?»

ሳቁ ከጥርስ አላለፈም። የእኚህን ሰው አንድያ ልጅ ደላላ ጥሩ ሥራ አለ ብሎ ከወሰዳት በኋላ፣ ከአሠሪዎቿ አምልጣ በድብደባ የቆሰለ ገላዋን እየጎተተች ድንበሩ ከተማ ድረስ ደርሳ፣ እዚያው ሐኪም ቤት አርፋለች። አባት ሄደው ቀበሯት። ሲመለሱ ግን ሰፈርተኛው ተሰብስቦ ቢጠይቃቸው አፋቸው እውነቱን አላወጣ አለ፤ «ከሠርጓ መጣሁ» አሉ። ያን ቀን እንኳን ደስ አለዎት ተብለው ተመርቀዋል። እውነቱን የምታውቀው ይህችው የእህታቸው ልጅ ብቻ ነበረች። ገመናን መሸፈን ደግ ነው ይባላል፤ ሸፋኙን ውስጥ ውስጡን እንደሚበላው ግን ማንም አይናገርም።

«እስቲ ልጠይቅዎት፣ ጋሼ። የእኛ ልጅ የት ተቆጥራ ይመስልዎታል?»

«ፖሊስ ጣቢያ አመልክቼ አልነበር?»

«ፖሊስ ‹የጠፋች› ብሎ ጻፋት። ድንበር ላይ ‹ተመላሽ መንገደኛ› ተባለች። ሐኪም ቤቱ ‹የሳንባ ሕመም› አለ። ሁሉም የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! በዝውውር ከተጎዱት መካከል የለችም። ለተመላሾች መጠለያ በጀት ስንጠይቅ ‹ችግሩ እኮ ትንሽ ነው› ይሉናል። ትንሽ ያደረግነው እኛው ነን።»

«እና ስሟ በየቢሮው ይዙር? መሞቷ አንሶ?»

«ስም አይወጣም፤ ስም ያወጣ ይቀጣል ይላል ረቂቁ። የሚወጣው ከየትኛው ሰፈር፣ በምን ዕድሜ፣ በየትኛው መንገድ የሚለው ነው። ከአንድ ሰፈር ልጆች መርገፍ ሲጀምሩ ያኔ ይታያል። ጥበቃውም ወደዚያ ይላካል።»

«ተይው፣ ሆድ ይፍጀው።»

«ሆድማ ፈጀው! እርስዎንም አብሮ ፈጀዎት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉ ያሳደጉኝ እርስዎ አይደሉም?»

ይህን ስትል ዳቦ ጋጋሪዋ ክንዷ ዱቄት እንደነካው ገባች።

«ጋሼ፣ ቀሚሱ ደረሰ? እሑድ እኮ ትሄዳለች። ሰውዬው ያው የእርስዎን ልጅ የወሰደው ነው። እኔማ ደላላ መች አምኜ አውቃለሁ! ሠርጓ ድረስ ሄደው ሲመጡ አይቼ ነው እንጂ። ብቻ እንደ ልጅዎ ያድርግልኝ።»

አሜን ማለት ነበረባቸው። ከንፈራቸው እምቢ አለ።

«ተቀመጪ» አሉ በመጨረሻ። «ልጄ አላገባችም። ያን ጊዜ የመጣሁት ከቀብሯ ነው።»

ሴትዮዋ ወዲያው አላለቀሰችም።

«ታላቋ ልጄስ?» አለች። «ዓምና ታላቋን ለዚሁ ሰውዬ ስሰጥ ምነው ዝም አሉኝ? ስልኳ እኮ ከተዘጋ ቆየ። ሥራ በዝቶባት ነው እያልኩ...»

ሰፊው ቀሚሱን ፊታቸው ላይ አድርገው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ። ይህን ቀሚስ የሚሰፉት ለምን ዓይነት ጉዞ እንደሆነ፣ ልጅቷም ከማን ጋር እንደምትሄድ ሲጠረጥሩ ሰንብተዋል፤ ለመጠየቅ ግን ፈርተው ነበር። ደላላው የሚነግደው በልጆቹ ብቻ ሳይሆን በወላጆች እፍረትም ጭምር ነው። አንዱ ቤት ሲደብቅ ሌላው ቤት ያምናል።

ሐሙስ ዕለት የምክር ቤቱ አዳራሽ ሞልቶ ነበር። ተራቸው ደርሶ ሰፊው ሲነሡ ሰብሳቢው፣ «አባት፣ ረቂቁን ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ?» አላቸው።

«ሕግ አላውቅም» አሉ። «ይህን ግን አውቃለሁ። ከልጄ በፊት የሄዱት ተቆጥረው ቢሆን ኖሮ ፖሊስ ደላላው ልጄን ሳይወስዳት ሰፈራችን በደረሰ ነበር። ሐኪሙም ቁስሏን አይቶ ከየት እንዳመለጠች በጠየቀ ነበር። ይህች ጎረቤቴም የእኔን ውሸት ሳይሆን የእናንተን ቁጥር ባመነች ነበር። እኔ ልጄን ላስቆጥር ነው የመጣሁት።»

ዳቦ ጋጋሪዋ የታናሽ ልጇን እጅ እንደያዘች ከኋላቸው ተነሣች።

«የእኔንም ታላቋን ቁጠሩልኝ» አለች። «ከሞቱት ጋር ይሁን በሕይወት ካሉት ጋር ግን እኔም አላውቅም።»