እህቱ የመረጠችለት ላፕቶፕ

ከመካነ ሰላም ወደ ወረኢሉ በአውቶቡስ ስንሄድ ከኋላዬ አንድ ተማሪና አንዲት እናት ያወሩ ነበር።

«አዲስ ላፕቶፕ ታቅፈህ ምነው ፊትህ ጠቆረ?»

«ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም ስጭንበት ስክሪኑ ይጨልማል፣ እማማ። ብዙ ሰው ስለማይጠቀምበት ከአዲስ ሞዴል ጋር ቶሎ አይስማማም።»

«ሰው ያልፈለገውን አንተ ምን አስፈለገህ?»

«ትምህርቱ በሱ ብቻ ነው። ሰኞ ፈተና አለብኝ።»

«ሲገዛ አትመርጥም ነበር?»

«የሚስማማውን ጽፌላት ነበር፣ ሪያድ ላለችው እህቴ። ‹ይኼማ አሮጌ ሞዴል ነው፣ ለወንድሜ አይመጥንም› ብላ አዲሱን ላከችልኝ።»

«አስለውጣታ!»

«በሰው እጅ ነው የመጣው፤ ማን ይመልሰዋል? ደግሞ አልነገርኋትም። ‹አንተ ተመርቀህ ሥራ ስትይዝ አገሬ እገባለሁ› ነው የምትለኝ።»

«አብሽር ልጄ። ስትደውል ታዲያ ምን ትላታለህ?»

«‹አልሐምዱሊላህ፣ በደንብ ይሠራል› እላታለሁ።»

ነጠላዬን ወደ ፊቴ ሳብ አድርጌ፣ ለማላውቃት እህቱ አንድ አባታችን ሆይ በልቤ ደገምሁ።