በአያት ኪስ የተደበቀው መነጽር

ሰው አንድ ጊዜ ከጭንቅ ያወጣውን ዘዴ ዕድሜ ልኩን አይለቀውም፤ ጭንቁ ካለፈ ቢቆይም እንኳ። በኢየሩሳሌም፣ በቂርያት መናሔም ሰፈር የሚኖሩት አቶ ሸጋው እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። ወደ እስራኤል ለመግባት ጎንደር ላይ አሥራ አንድ ዓመት ሲጠብቁ አራት ጊዜ ለቃለ መጠይቅ ቀርበዋል። ከዚያም ሦስት ነገር ተምረው ወጡ፦ ዘርህን እስከ ሰባት ቤት ሳትደናቀፍ ቁጠር፤ በቤታችን በሽተኛ የለም በል፤ ያልተጠየቅከውን አትናገር። በዚህ ትምህርት ስድስት ነፍስ ይዘው ገብተዋልና ማን ይፈርድባቸዋል።

እንግዲህ የዘጠኝ ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ሆዲያ ማንበብ ከበዳት። ትምህርት ቤቱም ሙሉ የስነ ልቦና ምርመራ እንዲደረግላት ደብዳቤ ላከ፤ የሰፈሩ ሰው ‹ኢቭኹን› የሚለው ነው። እናቷ ውዴ ፈርማ ቀጠሮ ያዘች። አያቷ ደግሞ ማስጠናት ጀመሩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ልጅቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሰባት ቤት ትቆጥራለች፤ ‹‹በሽታ አለ?›› ስትባል ‹‹የለም›› ትላለች።

የቀጠሮው ቀን ውዴ ሆስፒታል ተረኛ ስለነበረች ልጅቱን ይዘው የመጡት አቶ ሸጋው ናቸው። ከአውቶቡስ ወርደው የኢትዮጵያ ጎዳና ሲደርሱ ለቀጠሮው ገና አንድ ሰዓት ይቀር ነበር። እዚያ ባለው የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን አጥር ጥላ ሥር፣ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡና ለመጨረሻ ጊዜ ያስቆጥሯት ጀመር። በዚህ መሐል ቦርሳ ያነገተች አንዲት ወጣት በዚያ ስታልፍ አማርኛ ሰምታ ቆመችና ጎንበስ ብላ ሰላምታ ሰጠች።

አማርኛዋን የተማረችው ከአያቷ ኖሮ አነጋገሯ የአሮጊት ነበር፤ ይህም አቶ ሸጋውን ደስ አሰኛቸው። ምን እንደሚሠሩ ብትጠይቃቸው፣ ያልተጠየቅከውን አትናገር የሚለውን ሕጋቸውን ረስተው ሁሉን ዘረገፉት። ፕሲኮሎግ የሚባል ሰው እዚህ ሰፈር እንዳለ፣ ሥራው የልጅ ጉድለት መልቀም እንደሆነ፣ እርሳቸው ግን ልጅቱን ከጠያቂ በላይ እንዳዘጋጇት ነገሯት።

‹‹አባባ፣ እኔ ነኝ›› አለች ወጣቷ። ‹‹አድቫ እባላለሁ። ዛሬ ሆዲያን የምመረምራት እኔ ነኝ።››

አቶ ሸጋው ደነገጡ፤ ወዲያው ግን ፊታቸው በራ። የውስጥ ሰው ተገኘ ማለት ነዋ! የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቋትና የአባቷንና የአያቷን ስም ስትነግራቸው፣ የቀረውን ራሳቸው ይቆጥሩ ጀመር። የወገራው ፈረደ፣ የፈረደ አባት አለልኝ፣ የአለልኝ አባት ታከለ እያሉ ሲወጡ፣ አምስተኛው ላይ ሲደርሱ ፈገግታቸው እየሰፋ ሄደ።

‹‹አባባ፣ ዘመዴ ሆና ከተገኘችማ እኔ ልመረምራት አልችልም፤ ደንብ አይፈቅድም። ሌላ ሰው ይፈለግላታል፤ ወረፋው ስምንት ወር ነው።››

ሰባት ቤት በእንቅልፍ ልባቸው የሚቆጥሩት ሰውዬ ስድስተኛው ላይ ሲደርሱ ዘር ጠፋባቸው። ‹‹ወገራ ሰው ብዙ ነው፣ ፈረደ የሚባልም አይጠፋም›› አሉና ጉዳዩን ዘጉት። ይልቅስ፣ እንደ አገር ልጅነቷ፣ ጥያቄዎቹን ብቻ ቀደም አድርጋ ብትነግራቸው ምን ነበረበት?

‹‹ጥያቄውን ያጠና ልጅ ሲመረመር የሚታየው የእርስዎ ራስ እንጂ የእርሷ አይደለም። ደምዎን ይመርመሩ ሲባሉ የጎረቤትን ደም ይዘው ይሄዳሉ?››

አቶ ሸጋው የጎረቤታቸውን የአቶ ደበበን ደም አሰቡና ሳቃቸው መጣ። ከሳቁ በኋላ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ያስፈራቸው ጥያቄው አልነበረም።

‹‹ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ። የጎረቤቴ የደበበ ልጅ በአንድ ቀን ወረቀት ልዩ ክፍል ገባ። ቋንቋው ገና አልገባውም ነበር። ዛሬ ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ እስከ ዛሬ አንድ ነገር ስታሳዪው ‹ተወኝ፣ እኔ አይገባኝም› ይላል። ይቺን እንደዚያ እንዲያደርጓት አልፈልግም።››

አድቫ አጠገባቸው ተቀመጠች።  ፈሪ ሁሉ ሞኝ አይደለም፤ አንዳንዱ ያየውን ነው የሚፈራው።

‹‹ልክ ነዎት፤ እንዲህ ያለ ነገር ሆኗል›› አለች። ‹‹ስለዚህ ነው በአንድ ወረቀት የማልወስነው። ከእናቷ ጋር ስለ አወላለዷ፣ ስለ አስተዳደጓ ተነጋግረናል፤ አስተማሪዋም ያየችውን ጽፋልኛለች፤ እርስዎም ከሰዓት በኋላ አብረዋት ስለሚውሉ እጠይቅዎታለሁ። ሆዲያ ደግሞ ከእኔ ጋር ትቀመጣለች። የእንጨት ቁራጭ ትገጣጥማለች፣ ሥዕል አይታ ታወራለች፣ ቁጥር ሰምታ ትደግማለች፣ ታነባለች፣ ትጽፋለች። ሦስት ሰዓት ያህል ነው፤ ሲደክማት እናርፋለን፤ የቀረውን በሌላ ቀን እንጨርሳለን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያገኘሁትን ጽፌ፣ በሚገባችሁ ቋንቋ አስረዳችኋለሁ። ያለ እናቷ ፊርማ ወረቀቱ ከእጄ አይወጣም። ማለፍ የለ፣ መውደቅ የለ። ቁርሷን በልታ፣ እንቅልፏን ጠግባ መምጣቷ ብቻ ይበቃኛል።››

አቶ ሸጋው ስለ እንቅልፉ ነገር ቀና ብለው ሰማይ ሰማዩን አዩ። ልጅቱን ለልምምድ ከሌሊቱ በአሥራ አንድ ሰዓት ነበር የቀሰቀሷት።

ይኼኔ ሆዲያ ዓይኗን አጥብባ የማዶውን በር ስታይ ቆይታ፣ ‹‹ሳባ›› አለች፤ አያቷን በዕብራይስጥ እንዲህ ነው የምትጠራቸው። ‹‹መነጽሬን ስጠኝ። የበሩ ቁጥር አይታየኝም።››

ነገሩ ወጣ። መነጽሩ ከቤት ከወጡ ጀምሮ በአቶ ሸጋው የደረት ኪስ ውስጥ ነበር።

‹‹ጉድለት እንዳይታይባት ብዬ ነው›› አሉ ድምፃቸው ሰልሎ።

አድቫ አልተቆጣችም። ‹‹አባባ፣ ተደብቆ የዳነ ሕመም ያውቃሉ?›› ብላ ብቻ ጠየቀቻቸው።

 አቶ ሸጋው ያስታወሱት ባለቤታቸውን አገኘሁሽን ነበር።

‹‹ገና ስንገባ›› አሉ፣ ‹‹አገኘሁሽ ጆሮዋን ታማ ነበር። ሐኪሙ ጠየቀን። ወደ ጎንደር የሚመልሱን መስሎኝ ‹ምንም የላትም› አልኩት። በዓመቱ ሁለቱም ጆሮዋ ደከመ። ይኸው አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በቤታችን የምንነጋገረው በጩኸት ነው፤ ጎረቤት የተጣላን ይመስለዋል። እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ለሰው ተናግሬው አላውቅም።››

መነጽሩን ከኪሳቸው አወጡ፤ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉና በልጅቱ ዓይን ላይ ራሳቸው አደረጉላት። ከዚያ አድቫ ሁለቱንም ይዛ ከማዶው ሱቅ ለሆዲያ ዳቦና ወተት ገዛችላት፤ ልጅቱም በላችና ወደ ምርመራው ገቡ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ውዴና አቶ ሸጋው ውጤቱን ሊሰሙ ተቀመጡ። አቶ ሸጋው ያን ሁሉ ተነግሯቸውም ገና ሳይቀመጡ የጠየቁት ‹‹አለፈች?›› ብለው ነው። ውዴ በክርኗ ጎሰመቻቸው።

አድቫ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ወረቀቱን እየገለጠች አስረዳቻቸው። የሆዲያ አስተሳሰብ ከዕድሜ እኩዮቿ ይልቃል። በጆሮዋ የሰማችው አይጠፋትም፤ ቁጥር ወደ ኋላ ድገሚ ብትባል ደገመችና፣ ሰባት ቤትስ ወደ ኋላ ልቁጠርልሽ ብላ ከላይ ወደ ታች ወረደችው። አቶ ሸጋው ይህን ሲሰሙ በኩራት ቀና አሉ፤ ወደ ኋላውንስ እርሳቸውም አላስተማሯትም። የከበዳት ንባቡ ብቻ ነው፤ ፊደል ይገለባበጥባታል፣ አንዱን መስመር ለማንበብ ሌላው ልጅ ለገጽ የሚያወጣውን ጉልበት ታወጣለች። ሰነፍ አይደለችም፤ ደክሟት ነው።

‹‹ልዩ ክፍልስ?›› አሉ አቶ ሸጋው። 

‹‹ከክፍሏ አትወጣም። በሳምንት ሁለት ቀን የንባብ አስተማሪ፣ በፈተና ተጨማሪ ሰዓት፣ ጥያቄውንም የሚያነብላት ሰው። እኔ የምለው ይኼን ነው። መፈረም አለመፈረም የውዴ ፈንታ ነው።››

ውዴ ፈረመች። አቶ ሸጋው ደረጃውን ወረዱ። የኢትዮጵያ ጎዳና ሲደርሱ ያኔ የተቀመጡባትን ድንጋይ አይተው ዕንባቸው መጣ፤ ፀሐይዋ ናት አሉ።

በዚያው ወር አገኘሁሽን ጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰዷት። ሐኪሙ ከመቼ ጀምሮ ነው ብሎ ሲጠይቅ ቀኑንም ጥፋቱንም አንድ ሳያስቀሩ ነገሩት። ማዳመጫ ተደረገላት።

ከማዳመጫው በአራተኛው ቀን ምሽት አቶ ደበበ በር አንኳኩ። ከውስጥ ሆዲያ የንባብ መልመጃዋን ጮክ ብላ፣ ቀስ እያለች ታነባለች፤ አገኘሁሽ ‹‹ዝም በሉ፣ ልጅቷን ልስማት›› እያለች ነው።

‹‹ጩኸታችሁ ሦስት ቀን ቢጠፋብኝ›› አሉ ደበበ፣ ‹‹ምን ሆናችሁ ብዬ ነው።››

አቶ ሸጋው አስገብተው አስቀመጧቸውና ያላስነበቧቸው የወረቀቱ መስመር የለም። ልጅ በተመረመረ ጊዜ ቤተሰቡ የልጁን ብርታትም ድካምም እንደሚያውቅ፣ ሲያውቅ ዱላውንም ስድቡንም እንደሚያስቀር፣ አስተማሪም ሰነፍ የምትለውን ልጅ እንዴት እንደምትረዳው እንደሚነገራት ዘረዘሩላቸው። ደበበ እንደ ወትሯቸው አልተከራከሩም። ሆዲያ አንድ ቃል ተሳስታ ተመልሳ ስታነበው አዩዋት።

‹‹ሸጋው›› አሉ በመጨረሻ፣ ‹‹ይኼን ምርመራ ሠላሳ ዓመት ለሞላውም ይሠራሉ?››

‹‹ጠይቄያለሁ፤ ይሠራሉ›› አሉ አቶ ሸጋው። የስልክ ቁጥሩን በወረቀት ጽፈው ሰጧቸውና እስከ በሩ ሸኟቸው። ‹‹ቁርሱን በልቶ ይሂድ፣ ደበበ። አደራህን፣ ምንም እንዳታስጠናው።››